አንድ ፊደል ሲጠብቅ

በዝግባ ማማ ስለ ሥርዓት በተነሣ ቁጥር ሦስት ስሞች ይጠራሉ፤ አቶ ይማም ሰዒድ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካሣ፣ ሻምበል በዳዳ ጉደታ። የሕንፃው ኖራ ገና ሳይደርቅ፣ ቧንቧው ከውኃ ይልቅ ዝገት በሚተፋበት ዘመን፣ የመጀመሪያውን የነዋሪዎች ኮሚቴ ያቆሙት እነዚህ ሦስቱ ነበሩ። አቶ ይማም በር አንኳኩተው ችግሩን በዓይናቸው ሳያዩ የማንንም አቤቱታ ለስብሰባ አቅርበው አያውቁም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሃያ ሁለቱ ፎቆች የአንዱ ተወካይ ከቀረ «ጣት የጎደለው እጅ ጭብጥ አይሞላም» ብለው ስብሰባውን ይበትኑት ነበር። ሻምበል በዳዳ ደግሞ ከአፋቸው ያወጡትን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጥፉ ኖረው፣ ሳያጥፉ ሞቱ።

አቶ ተሰማ እንግዳወርቅ ከሦስቱ መካከል አርአያ ያደረጉት ሻምበልን ነው። በሥራ ዘመናቸው የአማርኛ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ወገባቸውን እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርገው ነው የሚራመዱት። የግማሹ ሕንፃ ሊቀመንበር ሆነው በቆዩበት ረጅም ዘመን ያመኑበትን ተናግረዋል፤ የተናገሩትንም አላጠፉም።

የግማሹ ሕንፃ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2074 ዓ.ም. ዝግባ ማማ፣ እንደ አገሩ ሁሉ፣ ለሁለት ተከፍሎ ይኖር ነበር። አንደኛው ወገን ምሰሶ ይባላል፤ ሌላው መስኮት። የጠቡን መነሻ ሁለቱም ወገኖች አስረግጠው ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን አይገጣጠምም። የምሥራቁ አሳንሰር የምሰሶዎች፣ የምዕራቡ የመስኮቶች ነው። ደረጃው መሐል ለመሐል በነጭ ቀለም ተሰምሯል፤ የሚወጣውም የሚወርደውም የየወገኑን ጎን ይዞ ነው። ዳቦ ቤቱ ሁለት፣ ፀጉር ቤቱም ሁለት ነው። ከአንዱ ወገን ሰው ሲሞት ሌላው ወገን የሚያውቀው የዚያ ወገን አሳንሰር በር ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ ነው። በሩ ሲዘጋ ነገሩም አብሮ ይዘጋል።

ሰው ጠዋት ሲነሣ፣ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት፣ አስታራቂውን ጆሮው ውስጥ ይሰካል። አስታራቂ ጥፍር የምታህል ዕቃ ናት። ከዚያኛው ወገን ሰው አፍ የሚወጣውን ንግግር ከጆሮ አግዳ፣ ወደ ጽሑፍ ትለውጥና ጽሑፉን በራሷ ድምፅ ታነብባለች። ስለዚህ መስኮቶች ሁሉ ለምሰሶዎች የሚናገሩት በአንድ ድምፅ ነው፤ ጉንፋን ይዞት በማያውቅ፣ ቸኩሎም ተቆጥቶም በማያውቅ ሰው ድምፅ። ምሰሶዎችም ለመስኮቶች እንዲሁ። ሳይለወጥ በቀጥታ የሚመጣው የሌላው ወገን ድምፅ «ጥሬ ድምፅ» ይባላል። በገበያዎቹ ብጥብጥ ዘመን፣ በቃል የተጀመረው ሁሉ በድንጋይ ሲያልቅ፣ ጥሬ ድምፅ በሕግ ተከለከለ። ዛሬ ሕጉን የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም፤ ማስታወስም አያስፈልግም። እናቶች ልጆቻቸውን «ጥሬ ድምፅ ጆሮ ያቆስላል» እያሉ ያሳድጋሉ።

«ጥሬ ሥጋ በቢላ እየቆረጠ የሚበላ ሕዝብ ጥሬ ድምፅ ፈራ» ይል ነበር ፈይሳ፣ የአሥራ ስድስተኛው ፎቅ ቀልደኛ። ቀልዱን የሚናገረው ግን ለወገኖቹ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት የምሰሶዎች አሳንሰር ቆመ። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መለዋወጫም የለም። ወጣቶቹ በደረጃ መውጣቱን እንደ ስፖርት ቆጠሩት። ወይዘሮ አስካለ፣ የአቶ ተሰማ ባለቤት፣ የሚኖሩት ግን አሥራ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜም ለኩላሊት እጥበት ወደ ክሊኒክ መሄድ አለባቸው። ሐኪሙ ነገሩን ለአቶ ተሰማ ሲያስረዳ አላሽሞነሞነውም። «ሁለት ጊዜ ከቀሩ፣ ለሦስተኛው መምጣት አያስፈልጋቸውም» አላቸው።

አራት ሰዎች የእንጨት ወንበር በሁለት ረጃጅም አጣናዎች ላይ አስረው ወይዘሮ አስካለን ማውረድና ማውጣት ጀመሩ። ፈይሳ ከፊት በስተግራ ነበር። ከሰኞዎቹ በአንዱ፣ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ እግሩ ከደረጃው ጠርዝ ከዳው። ወንበሩ ተንጋደደና የወይዘሮ አስካለ ክንድ፣ ያውም መርፌው የሚገባበት ክንድ፣ ከብረት መደገፊያው ጋር ተላተመ።

«ምንም አልሆንኩም፤ ክንድ ነው እንጂ አንገት አይደለም» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«እትዬ አስካለ፣ ሚዛንዎ ቀላል ስለሆነ እኮ ነው፤ ከበድ ቢሉ ኖሮ አጥብቄ እይዝዎ ነበር» አለ ፈይሳ። ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኖ ነበር።

የምዕራቡ አሳንሰር ያን ጊዜ በግድግዳው ውስጥ ሽው ብሎ አለፋቸው። ከወንበሩ ኋላ ይወርዱ የነበሩት አቶ ተሰማ ድምፁን እስኪጠፋ ድረስ በጆሮአቸው ተከተሉት። በዚያ ቀን፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መለመን ምን ዓይነት ሰዋስው እንደሚፈልግ ማሰብ ጀመሩ።

«እባካችሁ» የሚለውን ቃል ሞከሩት፤ አፋቸው አልከፈት አለ። «እናዳምጣለን» የሚለውንም ሞከሩ፤ ሆኖም ማዳመጥ ጆሮን ማዘንበል ብቻ ነው ብለው ተዉት። መስማት ግን ማዳመጥም፣ መቀበልም፣ መታዘዝም ነው። ከመስተዋት ፊት ቆመው ሲያወጡና ሲያወርዱ ከዋሉ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጸና፤ «እስከ ዛሬ ተናግረናል፤ ከእንግዲህ እንሰማለን።» አጭር ነው፤ ሚዛን አለው፤ ወገብም አያጎብጥም። ወይዘሮ አስካለ ከአልጋቸው ሆነው «ደህና ነው፤ ለአንተ ይኼ እንደ መስገድ ነው» አሉ።

የሁለቱ ወገኖች የጋራ ስብሰባ የሚካሄደው በምድር ቤቱ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ፊት ለፊት ይደረደራሉ፤ በመሐላቸው ሰው የማይረግጠው ባዶ ቦታ አለ። የመስኮቶች ሊቀመንበር ኪሩቤል ጌትነት የሚባል በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለ መሐንዲስ ነው። አቶ ተሰማ ይህን ወጣት በንግግሩ ቅልጥፍና አብዝተው ይጠሉት ነበር። አንድ ቃል ሳይፈልግ፣ አንድ ትንፋሽ ሳይስት፣ እንደ ምንጭ ውኃ ይወርዳል። «ያልተማከረበት አንደበት» ይሉታል ለባለቤታቸው።

ማክሰኞ ማታ በስብሰባው ላይ አቶ ተሰማ ተነሥተው ቆሙ። አሳንሰሩ እንደቆመ፣ ሕመምተኞች እንዳሉ ተናገሩ፤ ከዚያም ያችን ዓረፍተ ነገር አሰሙ።

ከኋላቸው ያሉት ምሰሶዎች ተንሾካሾኩ። ከፊታቸው ያሉት የመስኮቶች ፊት ግን እንደ በር ተዘጋ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ኪሩቤል ከመቀመጫው ተነሣና አፉን ለረጅም ጊዜ አንቀሳቀሰ፤ አስታራቂዋ ጥቂት ጠብቃ ያን የለመዱትን ለስላሳ ድምፅ አመጣች። «ማስፈራሪያዎ ደርሶናል፣ ሊቀመንበር። መጀመሪያ ሕመምተኛ ያሳዩናል፤ ቀጥሎ ያስፈራሩናል። ዛሬም ነገም አሳንሰራችን ከወገናችን በቀር ለማንም አይከፈትም።»

ሁለቱም ወገኖች ወንበራቸውን እያንኳኩ ወጡ። በደረጃው ላይ የአቶ ተሰማ ምክትል የሆነው ደምመላሽ ደረሰባቸው።

«ጋሽ ተሰማ፣ ለእነዚህ አንገትዎን ደፉ፤ እነሱም ረገጡት። ደስ አለዎት?»

አቶ ተሰማ ደረጃውን መውጣት ቀጠሉ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ይህም ራሳቸውን ገረማቸው። በመምህርነት ዘመናቸው ጎበዝ ተማሪ ቀላሉን ጥያቄ ሲስት የሚይዛቸው ዓይነት ስሜት ነበር የያዛቸው። እንሰማለን ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ማስፈራሪያ የሆነው?

መልሱ ረቡዕ ከክሊኒክ መጣ። ተሸካሚዎቹ ወይዘሮ አስካለን አልጋቸው ላይ አድርሰው ከሄዱ በኋላ ወይዘሮዋ «በሩን ዝጋው» አሉ።

«ምነው?»

«ሕግ ስለጣስኩ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ አስታራቂያችንን በር ላይ ነው የምናስቀምጠው፤ ለደም ማሽኖቹ አትስማማም ይላሉ። አራት ዓመት ሙሉ ከመስኮቶቹ ሕመምተኞች ጋር ጥሬ ለጥሬ ስናወራ ነው የኖርነው።»

አቶ ተሰማ ተቀመጡ። «አራት ዓመት?»

«ምን እናድርግ? አራት ሰዓት ሙሉ ደምህ ከአንተ ወጥቶ ሲዞር እያየህ፣ ከጎንህ ያለውን ሰው ዝም ትለዋለህ? ከአራተኛው ፎቅ ሻፊ የሚባል ሰው አለ፤ ድሮ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ወገቡን ይዞ ነው የሚስቀው፣ ሰውዬው ሲስቅ ማሽኑ ይጮኻል፣ ነርሷ ትቆጣዋለች።»

«ድምፁ እንዴት ነው?» ጥያቄው አቶ ተሰማን አምልጧቸው ወጣ።

«የሾፌር ድምፅ ነዋ። የሚጮኸው ከኋላ ለተቀመጠ ሰው ነው።» ወይዘሮ አስካለ ፈገግ አሉ፤ ከዚያም ፈገግታው ጠፋ። «ዛሬ ግን ሲያየኝ ፊቱን አዞረብኝ። ምን ሆነሃል ስለው፣ ባልሽ ከእንግዲህ በግድ እንሰማለን ብሎ የለም ወይ አለኝ። በግድ የሚለውን ከየት አመጣኸው ስለው፣ አነጋገሩ ነዋ አለ። እንዴት እንደሰማው አስደገምኩት። ‹ሰ›ን አጥብቆ ነው የሚለው፣ ተሰማ። አጥብቆ።»

አቶ ተሰማ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ አላልተው፣ አንድ ጊዜ አጥብቀው ለራሳቸው አነበነቡት። ‹ሰ› ሲላላ ጆሮ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ‹ሰ› ሲጠብቅ ጆሮ የሚሰጣቸው ሌላው ነው፤ ያውም ሳይወድ። ከመስኮቱ ጠጋ ብለው በእስትንፋሳቸው በደበዘዘው መስተዋት ላይ በጣታቸው «እንሰማለን» ብለው ጻፉና ተመለከቱት። ፊደሉ ሁለቱንም ችሎ ተቀምጧል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ ይህንን የሚለየው አንባቢው ነው። አስታራቂ ደግሞ የምታነብበው ከጽሑፍ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይኸንኑ ነበር» አሉ።

«እኔም ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አቶ ተሰማ እንደ ልጅ ሆነው ዋሉ። የሚነቃነቅ ጥርስ ያለው ልጅ ምላሱን ከጥርሱ እንደማያነሣ፣ እሳቸውም ያለፉ ዓመታት ንግግሮችን አንድ በአንድ እየነካኩ ይመረምሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ኪሩቤል «ልጆቻችሁ በኳስ ይመታሉ» ብሎ ነበር። ምሰሶዎች የሰሙት ‹መ› ላልቶ ነው፤ ልጆቻችሁ ሰው መቺዎች ናቸው የሚል ስድብ። ስለዚህም ግቢውን በሽቦ አጠሩት። አጥብቆ ተናግሮት ቢሆንስ? ልጆቻችሁ በእኛ ልጆች ኳስ እንዳይመቱ ጠብቁልን ማለት ይሆን ነበር። ሽቦው ዛሬም አለ፤ ኳስ የሚጫወትበት ልጅ ግን ከሁለቱም ወገን የለም።

«አስካለ፣ ልወርድ ነው» አሉ።

«ወዴት?»

«አሥራ ሁለተኛ ፎቅ።»

ወይዘሮ አስካለ «ጃኬትህን ልበስ» ብቻ አሉ።

ኪሩቤል በሩን ሲከፍት አቶ ተሰማ አስታራቂያቸውን ከጆሮአቸው አውጥተው በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ዘርግተዋል። ወጣቱ ዕቃዋን አየ፣ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየ፣ ተመልሶ ዕቃዋን አየ። በመጨረሻ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። ሲነቅላት እንደሚያመው ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

«ሊ… ሊ…» አለ።

«ሊፍቱን ነው?» አሉ አቶ ተሰማ።

ወጣቱ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። «ሊ… ሊቀመንበር። ይ… ይግቡ።»

አቶ ተሰማ ገብተው በታዘዙበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኪሩቤል ይንተባተባል። ያ እንደ ምንጭ የሚወርድ አንደበት የዚህ ልጅ አልነበረም፤ የጥፍር መጠን ያላት ዕቃ አንደበት ነበር። ስድስት ዓመት የጠሉት እሷን ኖሯል።

«የ… የእርስዎም ድምፅ» አለ ኪሩቤል፤ ቆመ፤ ጀመረ። «የ… የእርስዎም ድምፅ ይንቀጠቀጣል። እኔ የማውቀው እንደ… እንደ…»

«እንደ ነጎድጓድ?»

«አይ። እንደ… እንደ ዳኛ።»

አቶ ተሰማ ለሁለተኛ ጊዜ የሰውን ቃል ከአፉ ነጥቀው ስተዋል። በክፍል ውስጥም እንዲህ ነበሩ፤ ተማሪው ሳይጨርስ እሳቸው ይጨርሱለት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ልክ መሆን አለመሆናቸውን የጠየቃቸው የለም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና ስለ ‹ሰ› ፊደል ነገሩት። ስለ ኳሱም ነገሩት። ኪሩቤል ሲሰማ ቆየና እንደ መሐንዲስ ተናገረ፤ ቃሉ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ አቶ ተሰማም በዚህ ጊዜ ጥርሳቸውን ነክሰው ጠበቁ።

«አ… አስታራቂ የማታውቀውን ዝም ብላ አትመርጥም። ቃሉ ሁለት ሲሆንባት፣ ያ ወገን አ… አብዝቶ የሚናገረውን ነው የምትመርጠው። ከ… ከራሳችሁ ነው የተማረችው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከዚያ ቀን በፊት እንሰማለን ብለው ያ… ያውቃሉ? አላልተው?»

አቶ ተሰማ መልሱን ፈለጉ። ንግግሮቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታውሳሉ፤ ይህ የሚኮሩበት ችሎታቸው ነው። አቋማችን ይሰማ ብለዋል። ድምፃችን ይሰማል ብለዋል። ልንሰማ ይገባናል ብለዋል፤ ሁሉም ‹ሰ› ጠብቆ።

«ብዬ አላውቅም» አሉ። ቀጥሎ የመጣውን ቃል ለመናገር አፋቸው እንደ ኪሩቤል አፍ ታገላቸው። «ልክ ብለሃል። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ይህን አልጠበቀም ነበር። ተነሥቶ ውኃ ቀዳላቸው፤ ለራሱም ቀዳ።

«የስብሰባው ጥሬ ቅጂ የለም ወይ?» አሉ አቶ ተሰማ።

«አለ። ሊቀመንበር የ… የሆነ ሰው የመጠየቅ መብት አለው። ጠይቄ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ለምን ይመስልሃል?»

«እኔ የሰማሁት ልክ ከሆነ ም… ምን ይጨምርልኛል? ስሕተት ከሆነ ደግሞ…» ብሎ ኪሩቤል ተወው። አቶ ተሰማም አልጨረሱለትም።

ከዚያም ስለ አሳንሰሩ ተነጋገሩ። ኪሩቤል አልሸሸገም። በስድሳ ቤተሰብ ፊት ማስፈራሪያ ነው ብሏል፤ ዛሬ ቢከፍት ፈራ ይባላል። ሌላም ነገር አለ፤ የሰፈሩ ልጆች እያስመሰሉ ሲስቁበት ያደገ ሰው ነው። ወገኖቹ የመረጡት ብልህ ስለሆነ ነው፤ በምሰሶዎች ፊት ሳይንተባተብ የሚቆመው ግን በአስታራቂ ብቻ ነው። አስታራቂ ትሳሳታለች ብሎ ከተናገረ በምን አንደበት ይናገራል?

«እኔ ባለቤቴን ነው የማስበው» አሉ አቶ ተሰማ፤ ተነሡ። «አንተ ደግሞ አንደበትህን። ሁለቱም ከባድ ነው። አልፈርድብህም።»

«ጋሽ ተሰማ» አለ ወጣቱ በር ላይ፤ በስማቸው ሲጠራቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። «አ… አልችልም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የምሰሶዎች ኮሚቴ ተሰበሰበ። አንድ ሰው ሊቀመንበሩን በኪሩቤል ቤት ደጃፍ ላይ ባዶ ጆሮአቸውን ቆመው አይቷቸዋል። ደምመላሽ ነገሩን በአክብሮት አቀረበ፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ጥሬ ድምፅ የሰማ ሰው፣ አለ፣ የማንን ቃል ይዞ እንደሚመለስ አይታወቅም። ከሊቀመንበርነት እንዲነሡም ሐሳብ አቀረበ። አቶ ተሰማ ለራሳቸው መከራከር ይችሉ ነበር፤ ተሰብሳቢውም ያንኑ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ደምመላሽ እስኪጨርስ ጠብቀው «ሌላ የምትለው አለ?» ብለው ጠየቁት። ደምመላሽ ግራ ገብቶት «የለኝም» አለ። እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ፤ አቶ ተሰማ ከሊቀመንበርነት ተነሡ። የኮሚቴውን ቢሮ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ዓርብ ማለዳ ከአራቱ ተሸካሚዎች የመጣው ፈይሳ ብቻ ነበር።

«ሌሎቹ አሟቸዋል» አለ። «የሚገርመው ሁሉንም ያመማቸው አንድ ቦታ ነው። ልባቸው ላይ።»

«አንተስ ደምመላሽን አልፈራህም?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«እትዬ፣ እኔ የምፈራው ዘጠነኛውን ፎቅ ነው።»

ሰኞ በክንዳቸው እብጠት ምክንያት እጥበቱ አልተካሄደም፤ ረቡዕ በግማሽ ነው የተቋረጠው። ዛሬ መቅረት አይቻልም። አቶ ተሰማ ጃኬታቸውን አወለቁ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ የሁለቱን አጣናዎች የኋላ ጫፍ ያዙ።

«ተሰማ፣ ተው፤ ሰባ አልፎሃል» አሉ ወይዘሮዋ።

«ፈይሳ፣ ቀጥል» አሉ እሳቸው።

ወረዱ። በየፎቁ በሮች ጥቂት ይከፈታሉ፤ ተመልሰው ይዘጋሉ። አሥራ አራተኛው ላይ የአቶ ተሰማ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ፈይሳ መቀለድ አቆመ። አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ከመድረሳቸው በፊት ባለው ጠባብ መታጠፊያ ላይ መንገዱ በሰው ተዘግቶ አገኙት። ኪሩቤል ነበር። ከኋላው፣ በኮሪደሩ ውስጥ፣ ከስምንት የማያንሱ መስኮቶች ቆመዋል፤ ከእነሱ ኋላ የምዕራቡ አሳንሰር በር ተከፍቶ አንዲት ሴት በእግሯ ይዛዋለች።

ፈይሳ ወንበሩን ማሳረፊያ ቦታ ፈለገ፤ ደረጃው ላይ የሚመች ስፍራ አልነበረም። እንደተሸከሙ ቆሙ።

ኪሩቤል በባዶ ጆሮው ነበር። የባልና ሚስቱም ጆሮ ባዶ ነበር፤ ጣቱን ወደ ፈይሳ ጆሮ ጠቆመ። ፈይሳ ወደ ኋላ ዞሮ አቶ ተሰማን አየ፤ በትከሻው ጆሮውን አሻሽቶ አስታራቂዋን ጣላት፤ ደረጃው ላይ እየነጠረች ወረደች።

«ጥ… ጥሬውን ቅጂ ጠየቅሁ» አለ ኪሩቤል። ምሰሶ ፊት በራሱ ድምፅ ሲናገር የሰሙት ወገኖቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱ ፊቱን ወደ እነሱ መለሰ። «ማ… ማስፈራሪያ አልነበረም። ያሉት አ… አላልተው ነው። ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ማስፈራሪያ ነው ብዬ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ሳ… ሳልጠይቅ ነው የነገርኳችሁ። እኔ…»

ቃሉ ተያዘ። የወንበሩ ክብደት ወደ አቶ ተሰማ ጣቶች ወረደ። ከኮሪደሩ አንዲት ሴት፣ በደግነት፣ «ተሳሳትኩ ልትል…» ብላ ጀመረች፤ አቶ ተሰማ ራሳቸውን ነቅንቀው አስቆሟት። ወይዘሮ አስካለ የባለቤታቸው ትንፋሽ ማጅራታቸው ላይ ሲቆራረጥ ይሰማቸው ነበር፤ ዞር አላሉም። ፈይሳም አልተንቀሳቀሰም። ወጣቱ ዓይኑን ጨፍኖ ከቃሉ ጋር ታገለ፤ ማንም አልቸኮለበትም።

«ተ… ተሳ…» አለ፤ ቆመ፤ አየር ሳበ፤ ዓይኑን ገልጦ አዛውንቱን ቀጥ ብሎ አያቸው።

«ተሳስቻለሁ።»